የተለጠፈው ዋጋ

በጥፊ የተመታ ጉንጭ ምን ዓይነት ድምፅ እንደሚያወጣ ወይዘሮ ቅናሽ አትስትም። ያን ቀን ጧት ገና ፀጉሯን እያበጠረች ከግድግዳው ማዶ «ጧ!» ሲል ሰማች። ግድግዳው የእሷን ክፍል ከወንድሟ ቤት የሚለይ ስስ ኮምፔርሳቶ ነው፤ እንኳን ጥፊ፣ ማዛጋትም ያሳልፋል። ማበጠሪያዋ ፀጉሯ ውስጥ እንደተሰካ ቆም ብላ አዳመጠች። «ጧ!» አለ ደግሞ። ተከትሎ የልጅ ድምፅ መጣ፦ «ስንት አልክ? እስቲ ድገመው! ቀንስ! ቀንስ ብዬሃለሁ እኮ!» ሦስተኛው ጥፊ ሳያርፍ ወይዘሮ ቅናሽ የወንድሟን በር በትከሻዋ በርግዳ ገብታ ነበር።

የስድስት ዓመቷ የወንድሟ ልጅ ወለሉ ላይ ተቀምጣ፣ አንድ ክንድ የሌለው የላስቲክ አሻንጉሊት በፀጉሩ አንጠልጥላ ግራና ቀኝ ታጮለዋለች። የወንድሟ ሚስት ጀርባዋን ሰጥታ ጠረጴዛው ላይ ዳቦ ትቆርጣለች።

«ምን እየሠራሽ ነው አንቺ?»

«እኔ አክስቴን ነኝ» አለች ልጅቱ ቀና ሳትል። «እሱ አባዬ ነው። ዕቃ እየገዛን ነው።»

ወይዘሮ ቅናሽ ከት ብላ ሳቀች። ሳቋን የሚቀበላት ሰው ፈልጋ ዞር ስትል የወንድሟ ሚስት ጀርባ እንደነበረ ነው፤ ቢላዋው ዳቦውን ጨርሶ መክተፊያውን መቁረጥ ጀምሯል። «አየሽልኝ ይህችን ሰይጣን! ደሜ እኮ ናት» አለች። «ሻይ ይቀዳልሽ፣ እትዬ?» አለቻት ሚስትየዋ። ሻዩ ተቀዳ፣ ስኳሩ ተማሰለ፣ ዳቦው ዞረ፣ ማንም ማንንም አላየም። ወንድምየው ፊቱን ታጥቦ ከጓሮ ሲገባ መጀመሪያ ልጁን አየ፣ ቀጥሎ አሻንጉሊቱን አየ፣ ከእጇ ቀስ አድርጎ ወሰደና መስኮቱ ላይ አስቀመጠው። ነጭ፣ የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሷል። ሻዩን ግማሽ ድረስ ከጠጣ በኋላ ብርጭቆውን እያየ፣ «እታለም፣ ዛሬ ዝም ብለን ብንገዛስ?» አላት።

«ዝም ብሎ የሚገዛ የሰረቀ ሰው ነው» አለችው። «አንተ እሳት ላይ ተጎንብሰህ ነው ያመጣኸው። ጠጣና ተነሥ።»

«ወይዘሮ ቅናሽ» ያላት ሠፈሩ ነው፤ እሷም ስሙን እንደ ሹመት ነው የያዘችው። ከወንድሟ ጋር የብረት በርና መስኮት ቤት አላቸው፤ እሱ ይበይዳል፣ እሷ ትገዛለች፣ ትሸጣለች። ለመግዛት ሲወጡ ደግሞ አብረው የሚሠሩት አንድ ነገር አለ። ስም አልወጣለትም፤ «ሥራው» ነው የሚሉት። ወንድምየው ዕቃውን አይቶ ልቡ እንደጠፋ ሰው ይሆናል፤ «እታለም ግዢልኝ፣ በተባለው ዋጋ ግዢልኝ» እያለ ይለማመጣል። እሷ ትንሽ ትታገሥና «ራሴን አመመኝ» ትላለች። ምልክቱ ይኸው ነው። ከዚያ «አንተ አባካኝ!» ብላ እጇን ታነሣለች፤ እሱ ፊቱን ያዞርና ከወገቡ በታች ሁለት መዳፉን ያጋጫል፤ «ጧ!» ይላል፣ ሻጩ ይደነግጣል። አንድ ትልቅ ሰው በእሱ ዕቃ ምክንያት በእህቱ እጅ ሲመታ ቆሞ የሚያይ ነጋዴ የለም፤ «ኧረ በእናትሽ፣ እኔው ልቀንስ!» ይላል። ማቀዝቀዣው፣ የብየዳ ማሽኑ፣ የጣራው ቆርቆሮ፣ ሁሉም እንዲህ ነው የተገዛው። ወንድምየው የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳለ ነው የጀመሩት፤ አሁን ሠላሳ ስምንት ሞልቶታል። በመጨረሻዎቹ ዓመታት የወይዘሮ ቅናሽ እጅ ጭብጨባውን መጠበቅ ትቷል። እሱ ስለሚዘገይ ነው ትላለች። ጥፊው ቀድሞ ያርፋል፣ ጭብጨባው ከኋላ ይመጣል፣ ሻጮቹ ልዩነቱን አይሰሙም። ወንድምየውም ነገሩን አንሥቶባት አያውቅም።

የዛሬው ግን ማቀዝቀዣ አይደለም፤ መኪና ነው። አዲስ፣ ከነላስቲኳ፣ ትንሽ ሆና ከመሬት ከፍ ያለች፣ ከኋላ ወንበሯ ሲታጠፍ የመስኮት ክፈፍ የምታስገባ። ወይዘሮ ቅናሽ ይህችን መኪና ሦስት ወር ሙሉ አጥንታታለች። ሦስት መሸጫ ቤት ዞራለች። የግቢ በር ያዘዛትን የአስመጪ ቤት ጸሐፊ በሩን ሁለት ቀን አዘግይታበት መኪናዋ ስንት እንደምትገባ አናዝዛዋለች። ፊደል ላይ ብዙም ስላልሆነች ቁጥሩን ሁሉ የያዘችው በጭንቅላቷ ነው። የተለጠፈው ዋጋ ሦስት ሚሊዮን ከአራት መቶ ሰማንያ ሺህ ነው፤ ትክክለኛው ዋጋ ሦስት ሚሊዮን ከሁለት መቶ። ነጋዴው አትርፎ፣ መንግሥት ግብሩን ወስዶ፣ ሦስት ሚሊዮን ከሁለት መቶ። የቀረው ሁለት መቶ ሰማንያ ሺህ የአንድ ዓመት የላሜራ ብረት ነው፤ እሱን ዛሬ እዚያ ጥላ ከወጣች በዓመቱ ቤቱ ይዘጋል። ይህን ወንድሟም ያውቃል። ሌላውን ግን ለማንም አልተናገረችም፦ ጉልበቷ ካመማት ሁለት ዓመት ሆኗታል፣ ታክሲ ስትሳፈር ረዳቶቹ «ቶሎ በይ እንጂ!» ሲሏት አንድ ቀን አንዱን አንቃ ትገድለዋለች፤ እና ሌሊት ሌሊት ዓይኗን ስትጨፍን ራሷን የምታያት ከፊት ወንበር ተቀምጣ፣ ወንድሟ እየነዳ፣ ክርኗን መስኮቱ ላይ አድርጋ ነው።

ያን ቀንም በታክሲ ነው የሄዱት። ስትሳፈር ረዳቱ ጀርባዋን ገፋ አደረጋት፤ ዞራ እጁን በቡጢ መታችው። «ኧረ እናቴ፣ ሰው ነኝ!» ቢላት፣ «አልመሰለኝም» አለችው። ተሳፋሪው ሳቀ። መስቀለኛው መንገድ ላይ ሁለት ሹፌሮች መኪናቸውን አቁመው ተናንቀዋል፤ አንደኛው የሌላውን ጭንቅላት የገዛ ኮፈኑ ላይ ያደቀዋል፣ ከኋላ የቆመው ሁሉ ክላክስ ይነፋል። «አጥብቀህ ያዘው!» አለች ወይዘሮ ቅናሽ በመስኮት፤ ለየትኛው እንዳለች ግልጽ አልነበረም። ወንድምየው አጠገቧ ተቀምጦ ጉልበቱን ያያል። ሌላ ጊዜ ወደ ሥራው ሲሄዱ ይቀልዳል፣ «ዛሬ ግራውን ነው ቀኙን?» ይላታል ጉንጩን እያሳያት። ዛሬ አልቀለደም። መኪናዋ አስፈርታው ነው ብላ አለፈችው።

መሸጫው ቤት ከላይ እስከ ታች መስታወት ነው። ወለሉ ውኃ የተኛበት ይመስላል፤ ወይዘሮ ቅናሽ ስትገባ ጫማዋን ልታወልቅ ምንም አልቀራትም። ስድስት መኪኖች ቆመዋል፣ አዲስ ጎማና ማስቲሽ ይሸታል፣ የሰው ድምፅ ከጣራው ጋር ተጋጭቶ ይመለሳል። ጥግ ላይ በመስታወት የታጠረ ቢሮ አለ፤ ሥራ አስኪያጇ እዚያ ውስጥ ስልክ ታወራለች። ከረባት ያሰረ ወጣት ሻጭ ወደ እነሱ ሲመጣ መጀመሪያ ለወንድምየው ነው ጎንበስ ያለው፤ ከዚያ ቶሎ ወደ እሷ ዞረ። ወይዘሮ ቅናሽ ይህን አይታዋለች፤ ወንድ ስላየ ነው ብላ ናቀችው።

መኪናዋ ጥቁር አረንጓዴ ናት። ወይዘሮ ቅናሽ አንድ ጊዜ ዞረቻት። ከዚያ የመሐል ጣቷን አጥፋ የበሩን ቆርቆሮ እንደ ሐኪም ኳኳች፣ ጆሮዋን አስጠግታ አዳመጠች።

«ውፍረቱ ዜሮ ነጥብ ሰባት ሚሊ ነው» አለች። «እኔ በዚህ ላሜራ የመጸዳጃ ቤት በር አልሠራም።»

«እትዬ፣ ይሄ እኮ መኪና ነው» አለ ሻጩ።

«በር የለውም?»

«አለው፣ አራት በር…»

«እንግዲያው በር ነው። ስለ በር ደግሞ አትነግረኝም።»

ሻጩ ሳቀ፤ ሳቁ ውስጥ ግን ያልተመቸው ነገር አለ፤ ዓይኑ እየሸሸ ወንድምየው ላይ ያርፋል። ስለ ኋላ ካሜራው፣ ስለ አየር ከረጢቶቹ፣ ስለ አምስት ዓመት ዋስትናው ነገራት። እሷ ካሜራው ዋጋ ውስጥ ስንት እንደተያዘ ጠየቀችው። አላወቀም። ምንጣፉን ጠየቀችው፤ ትርፍ ጎማውን ጠየቀችው፤ ክሪኩን ጠየቀችው። ለሁሉም «አብሮ ነው» አላት። «አብሮ ከሆነ እኔ ካሜራ አልፈልግም፣ አንገት አለኝ፤ ንቀልና ቀንስልኝ» አለችው። በሌላ መሸጫ ቤት የሰማችውን፣ የጸሐፊውን፣ ግብሩን፣ የመርከቡን ሁሉ አንድ በአንድ ዘረዘረችለትና፣ «ሦስት ሚሊዮን ከሁለት መቶ። እኔም አልሰርቅህም፣ አንተም አትሰርቀኝም» ብላ ጨረሰች። ሻጩ ላቡን ጠረገ። «ዋጋ መቀነስ የእኔ ሥልጣን አይደለም፣ እትዬ» አለና እንደገና ወንድምየውን አየው። ወንድምየው መሪው ላይ መቀመጥ ነበረበት፤ መሪውን እየዳበሰ «እታለም ግዢልኝ» ማለት ነበረበት። ቆሟል። ሁለት እጁን ሱሪው ኪስ ከቶ የመኪናዋን ጎማ ያያል።

ወይዘሮ ቅናሽ ጠበቀችው። አልመጣም። ብቻዋን ጀመረችው።

«ራሴን አመመኝ» አለች።

«እታለም» አለ በዝግታ። «ዛሬ ይቅር።»

አዲስ ነገር ጨምሮ ነው ብላ አሰበች፤ እንዲያውም ደስ አላት፤ ከ«ግዢልኝ» ይልቅ ይሄ አንጀት ይበላል። «አንተ አባካኝ!» ብላ ጮኸች፣ ጣራው መልሶ «…ካኝ!» አለ፣ እጇ ሄደ። የወንድምየው እጆች ከኪሱ አልወጡም። ፊቱንም አላዞረም። መዳፏ ጉንጩ ላይ ሙሉ ለሙሉ ሲያርፍ ድምፁ ከጭብጨባው ያጠረ፣ የደረቀ ሆነ፤ የራሷን አምስት ጣት አቃጠላት። ሻጩ እንደ ሌሎቹ ሻጮች አልሆነም። መሐላቸው ገብቶ «ልቀንስ» አላለም። ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸ።

«ኧረ ምን ሆነው ነው!» አለ። «ይሄ ነገር እኮ ትናንት ተጨርሷል! ወንድምዎ መጥተው ሃምሳ ሺህ ቀብድ ከፍለዋል። ለእህቴ እኔው እነግራታለሁ፣ አትንገርብኝ ስላሉኝ እኮ ነው ዝም ያልኩት!»

«በስንት?» አለች ወይዘሮ ቅናሽ።

ሻጩ የፊት መስታወቱ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት አየ።

«በተለጠፈው?»

«በተለጠፈው» አለ ወንድምየው ራሱ።

ሦስት ወር የያዘችው ቁጥር ሁሉ በአንድ ጊዜ ከጭንቅላቷ ወደ ክንዷ ወረደ። ቦርሳዋ ውስጥ የሱቁ ቁልፎችና የብረት መለኪያ ሜትሩ አሉ። በማንጠልጠያው ይዛ አሽከርክራ ፊቱ ላይ አወረደችው። ቅንድቡ ተተረተረ። ደሙ ዓይኑን ሞልቶ ነጩ ሸሚዝ ላይ ሲወርድ እሷ ሁለተኛውን አንሥታ ነበር፤ እሱ ጆሮው ላይ አረፈ። «የአንድ ዓመት ብረት!» ትላለች እየመታች። «የአንድ ዓመት ብረት ሰጠህ! ለከረባት!» ሦስተኛውን በአየር ላይ ያዘው። ሃያ ዓመት መዶሻ ያነሣ እጅ ነው፤ አንጓዋን ጠምዝዞ ቦርሳውን አስጣላት፣ ቁልፎቹ በዚያ ውኃ በሚመስል ወለል ላይ ተንሸራተው ሌላ መኪና ሥር ገቡ። ከዚያ ገፋት። ያን ያህል አጥብቆ ሊገፋት አስቦ አይደለም፤ እሷ ግን ጉልበቷ ከዳትና ዞራ በፊቷ ሄዳ ከስፖኪዮው ጋር ተላተመች። ስፖኪዮው ቋ ብሎ ታጠፈ። አፏ በደም ተሞላ። ምላሷን ብታዞር አንድ ጥርሷ ይነቃነቃል።

ተነሣች። ሸሚዙን ከአንገቱ እስከ ወገቡ ቀደደችው፤ ክንዱን ነከሰችው፤ የቀድሞ የብየዳ ጠባሳው ላይ ነው የነከሰችው፣ ቆዳው ጠንካራ ነው። ያኔ መታት። በክፍት መዳፍ፣ አንድ ጊዜ፣ ጉንጯ ላይ። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ መትቷት አያውቅም። ስልክ ታወራ የነበረችው ሥራ አስኪያጅ ስልኩን ዘጋች። ከወዲያ ጥግ ነጭ መኪና ሲያዩ ከነበሩት ባልና ሚስት ባልየው ስልኩን አውጥቶ መቅረጽ ጀምሯል፣ ሚስትየዋ «ተው፣ እንውጣ» እያለች እጅጌውን ትጎትተዋለች።

ዘበኛው ከበሩ እየሮጠ መጣና ማንን እንደሚመታ አልጠየቀም፤ ወንዱን መታ። ዱላውን ከትከሻውና ከአንገቱ መሐል አሳረፈበት። ወንድምየው በአንድ ጉልበቱ ወደቀ። ዘበኛው ሁለተኛውን ሲያነሣ ወይዘሮ ቅናሽ ከኋላው ባርኔጣውን ጎትታ ጣለችና ቅልጥሙን በጫማዋ ጫፍ ደጋግማ መታችው።

«ወንድሜን ነው የምትነካው? ማን ስለሆንክ ነው ወንድሜን የምትመታው!»

«ሴትዮ፣ ላንቺ ብዬ እኮ ነው!» አለ ዘበኛው በአንድ እግሩ እየዘለለ።

ወንድምየው ከወደቀበት ሳቀ። ስትሰማው የሱ ሳቅ አይመስልም ነበር፤ ማሳል ይመስላል። የመኪናዋን ጎማ ተደግፎ ተነሣ፣ ቅንድቡን በተቀደደው ሸሚዙ እጅጌ ያዘ፣ ደም ባልሞላው አንድ ዓይኑ አያት።

«ሁለት መቶ ሰማንያ ሺህ ነው» አላት። ድምፁ ዝቅ ያለ ነው፤ በብየዳው መሐል ተጨማሪ ኤሌክትሮድ ሲጠይቃት እንዲህ ነው የሚናገረው። «ከድርሻዬ ትቆርጪዋለሽ ብዬ ነበር። እሑድ እሑድ እየሠራሁ ለብረቱ እሞላዋለሁ ብዬ። ቀብዱም የእሑድ ሥራዬ ነው። አንድ ዕቃ፣ አንድ ቀን፣ ሳልመታ ልግዛ ብዬ ነው እታለም። ሁለት መቶ ሰማንያ ሺህ ተወደደብሽ?»

እሷ የሚነቃነቀውን ጥርሷን በምላሷ ገፋች።

«ልጄ እኔን እየመታች እኮ ነው የምትጫወተው» አላት።

ወይዘሮ ቅናሽ አፏን ከፈተች። ደሙን ልትውጥ፣ ከዚያ የሆነ ነገር ልትለው ነበር። ምን ልትለው እንደነበር በኋላም ብዙ ጊዜ አስባዋለች፤ አንድ ነገር ነበረ፣ ጉሮሮዋ ድረስ ደርሶ ነበር። ነገር ግን በዚያው ቅጽበት የመስታወቱ ቢሮ በር ተከፍቶ የሥራ አስኪያጇ ተረከዝ ወለሉን እየደበደበ መጣ። ሴትየዋ ቀጭን ናት፤ ወለሉ ላይ ያለውን ደም አየች፣ የሚቀርጸውን ሰውዬ አየች።

«በቃ! በቃ፣ በቃ!» አለች። «ይበቃል፣ እባካችሁ። ሦስት ሚሊዮን ከሁለት መቶ አይደል የፈለጋችሁት? እሺ። ወረቀቱን ፈርማችሁ አሁኑኑ ውጡልኝ። ቀብዱም ይታሰባል። ብቻ ከዚህ ቤት ውጡልኝ!»

ወይዘሮ ቅናሽ በእጇ ጀርባ አፏን ጠረገች።

«ሦስት ሚሊዮን መቶ ሰማንያ» አለች። «ስፖኪዮዋ ተቧጥጣለች።»

ቃሉ ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው የሰማችው። የእሷ ድምፅ ነው፤ የዘወትር ድምፅዋ፣ ሳይንቀጠቀጥ፣ ሳይቸኩል። ሻጩ ስፖኪዮውን አየ። እዚያ ላይ ያለው የእሷው ምራቅና ደም ነው። ሥራ አስኪያጇ ዓይኗን ጨፈነች፣ «ጻፉላት» አለች፣ ተመልሳ ቢሮዋ ገባች።

ወንድምየው ቆሞ ብዙ አያት። እንዲህ ሆኖ አይቷት አያውቅም፤ የተሠራ በር ተገጥሞ ካለቀ በኋላ ጠማማ መሆኑ ሲታወቅ ነው እንዲህ የሚያየው፣ የቱ ጋ እንደተሳሳተ ሲፈልግ። ከተቀደደው የደረት ኪሱ የቀብዱን ደረሰኝ አወጣ። ወረቀቱ ረጥቧል። ኮፈኑ ላይ አስቀመጠው፣ እንዳይወድቅ በመዳፉ አንድ ጊዜ ዳበስ አደረገውና ወጣ። ዘበኛው በሩን ከፈተለት፤ እንዲያውም «አይዞህ» ያለው መሰላት።

ወረቀቱ አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀ። ሻጩ ወንበር አመጣላት፣ ሶፍት አመጣላት፣ ውኃ አመጣላት፤ ውኃውን ስትጠጣው ብርጭቆው ቀላ። የሚፈረምበትን ቦታ በጣቱ ያሳያታል፣ እሷ ትፈርማለች፤ ፊርማዋ አንድ መስመርና አንድ ክብ ነው፣ አሥራ አንድ ቦታ ላይ አሰፈረችው። ከባንክ ያለውን ዝውውር ጨረሰች። ጽዳት ሠራተኛዋ እግሯን እያስነሣች ከሥሯ ያለውን ደም ወለወለች፣ ቁልፎቿን ከመኪናው ሥር በመጥረጊያ እንጨት አውጥታ ሰጠቻት። ሦስት ሚሊዮን መቶ ሰማንያ ሺህ። ከትክክለኛው ዋጋ በታች ሃያ ሺህ። በዚህች ከተማ ይህችን መኪና በዚህ ዋጋ የገዛ ሰው የለም፤ ይህን የምትነግረው ሰው ፈለገች፤ ሻጩን ቀና ብላ ብታየው የእርሳስ መቅረጫ እየፈለገ ነበር፣ እርሳስ ግን አልያዘም።

«ሹፌር አለዎት እትዬ?» አላት በመጨረሻ።

«ወንድሜ ነው የሚነዳው። ውጪ ነው ያለው።»

ሻጩ ወደ ውጪ አላየም። መኪናዋን አስነሥቶ ትልቁን መስታወት በር አስከፈተና ሠላሳ እርምጃ የምታህል መንገድ ነድቶ አጥሩ ጥግ፣ ፊቷን ወደ አስፋልቱ አድርጎ አቆማት። ወይዘሮ ቅናሽ ከጎኑ ተቀምጣ ነበር። የወንበሩ ላስቲክ ከሥሯ ይንሿሿል። ሞተሩን አጠፋ፣ ቁልፉን መዳፏ ላይ አስቀመጠ፣ «እንኳን ደስ አልዎት» ማለት የለመደበት ቃል ስለሆነ አመለጠውና ጆሮው ቀላ፤ ወርዶ በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋው። በሩ ጥሩ ይዘጋል። ቆርቆሮው ስስ ቢሆንም ጥሩ ይዘጋል።

ክርኗን መስኮቱ ላይ ለማድረግ ሞከረች። መስታወቱ ዝግ ነው፣ በየት በኩል እንደሚወርድ አላወቀችም። ከንፈሯ አብጦ አፍንጫዋን ይነካል። ከአስፋልቱ ማዶ የታክሲ ሰልፍ አለ፤ ከሰልፉ ኋላ ካለው መድኃኒት ቤት ወንድሟ ወጣ። ቅንድቡ ላይ ነጭ ፋሻ ተለጥፎበታል፣ የተቀደደውን ሸሚዝ በአንድ እጁ ደረቱ ላይ ሰብስቦ ይዟል። የሰልፉ መጨረሻ ሄዶ ቆመ። ከፊቱ አሥራ አምስት፣ ሃያ ሰው አለ። ታክሲ መጥቶ የተወሰነ ጫነ፣ ሰልፉ ተጠጋ፣ እሱም ተጠጋ። ያያታል ብላ ጠበቀች። መኪናዋን ሊስታት አይችልም፤ ጥቁር አረንጓዴ፣ አዲስ፣ ፀሐይ ላይ የቆመች፣ ፊት ለፊቱ። ሌላ ታክሲ መጣ። ሰልፉ ሌላ ጊዜ ተጠጋ። አሁን ከፊቱ ስድስት ሰው ቀርቷል።

ወይዘሮ ቅናሽ በመሐል ያለውን ማርሽ ተሻግራ፣ ጎኗ እየተወጋ፣ ወደ ባዶው ወንበር ተንጠራራችና መዳፏን መሪው መሐል ላይ አሳረፈች። የክላክሱ ድምፅ ከመኪናዋ ትልቅ ነው። እጇን አላነሣችም፤ አጥብቃ ያዘችው። መጀመሪያ የታክሲው ረዳት ዞረ። አንዲት አሮጊት ዞሩ። ሕፃን ያዘለች ሴት ዞረች፣ ሕፃኑም ዞረ። መድኃኒት ቤቱ ውስጥ ያሉት ሳይቀሩ በር ላይ ወጥተው አዩ። ከተሰለፈው ሰው ሁሉ ያልዞረ አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም ተራው ደርሶት ጎንበስ ብሎ ገባ።